በእጁ ተምሮ በእጅ ያስተማረ፦ የቀጥቃጩ ልጅ ማይክል ፋራዴይ

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምናቀርብላችሁ የቅዱሳንንና የቤተ ክርስቲያን አባቶችን ሕይወት ነው። በዚህ እትም ግን የቤተ ክርስቲያናችን አባል ያልነበረ፣ ነገር ግን እግዚአብሔርን በመፍራትና ባልንጀራውን በማክበር የኖረ የአንድ የሳይንስ ሊቅ ታሪክ ልናስታውሳችሁ ወደድን። ምክንያታችንንም አስቀድመን እንግለጽ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአገልግሎት በሄድንበት አንድ የገጠር ቁምስና፣ በአካባቢው ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ጎራ ብለን ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ማግኔትና ስለ ኤሌክትሪክ የተማሩትን ሕግ አንድም ቃል ሳያጎድሉ በቃላቸው አነበነቡልን። ከመካከላቸው ማግኔት በእጁ ይዞ የሚያውቅ ማን እንደ ሆነ ስንጠይቅ ግን እጃቸውን ያነሡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ለትምህርት ቤቱ የተሰጡ ጥቂት የቤተ ሙከራ መሣሪያዎች እንዳሉ፣ ነገር ግን እንዳይሰበሩ ተብሎ በሣጥን እንደ ተቆለፈባቸው ሰማን። መምህሩን አልወቀስነውም፤ ዕቃው ቢሰበር ተጠያቂው እርሱ ነውና። እኛም ብንሆን በዘርአ ክህነት ሳለን ፊዚክስን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ብቻ ነበር። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን አንድ ነገር ከልባችን አልወጣም። ያ በቃል የሚነበነበው ሕግ መጀመሪያ የተገኘው በተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ካለው በማይበልጥ ዕቃ ነበር። ያገኘውም ሰው የድሃ ቀጥቃጭ ልጅ ነበር።

የቀጥቃጩ ልጅ

ማይክል ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዓ.ም. ከለንደን ከተማ በስተደቡብ ኒዊንግተን በትስ በተባለ ሰፈር ተወለደ። ሌላ አቆጣጠር ካልጠቀስን በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉ። አባቱ ጄምስ ከሰሜን እንግሊዝ ኑሮ ፍለጋ ወደ ለንደን የመጣ ቀጥቃጭ ሲሆን፣ ጤንነቱ የተጓደለ ስለ ነበር ዘወትር ሊሠራ አይችልም ነበር። ቤተሰቡ አራት ልጆች ነበሩት። በ1801 የእህል ዋጋ እጅግ በናረ ጊዜ ትንሹ ማይክል ለአንድ ሳምንት የሚደርሰው አንድ ዳቦ ብቻ እንደ ነበረ የሕይወት ታሪኩ ይመሰክራል። ከትምህርት ያገኘውም ማንበብን፣ መጻፍንና መጠነኛ ሒሳብን ብቻ ነበር። ከፍ ያለ ሒሳብ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተማረም።

የቀጥቃጭ ልጅ መሆን በአገራችን ምን ማለት እንደ ነበረ እናውቃለን። ማረሻችንንና ማጭዳችንን የሚሠራልን ሰው በስድብ ስም ይጠራ ነበር፤ በማዕድም በጋብቻም ይገለል ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ በመገንዘባቸው ነው። የእጅን ሥራ መናቅ ቀጥቃጩን ብቻ የጎዳ አይደለም። እውቀትን ከእጅ ለይቶ በአፍ ብቻ የሚያስቀር ልማድ በትምህርት ቤቶቻችንም ውስጥ ጥላውን ጥሎአል ብለን እናምናለን። ጌታችን ራሱ የጸራቢ ልጅ ተብሎ መጠራቱን የምናስተምር እኛ ይህን ልናስብበት ይገባናል።

ከጥራዝ ቤት ወደ ሙከራ

ማይክል በ1804 ዓ.ም. የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ጆርጅ ሪቦ ለተባለ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ጋዜጣ ማመላለስ ነበር። ጌታው ታማኝነቱን አይቶ በዓመቱ የጥራዝ ሙያ ሊያስተምረው ተቀበለው። በዚያ ዘመን ሙያ ለመማር ገንዘብ መክፈል የተለመደ ሲሆን፣ ሪቦ ግን ከድሃው ልጅ ምንም አልተቀበለም። ትምህርቱ ሰባት ዓመት የሚፈጅ ነበር።

ሌሎች ልጆች የጥራዝ ሥራን የመጻሕፍትን ጀርባ ማበጀት ብቻ አድርገው ያዩት ይሆናል። ማይክል ግን የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበር። ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ በተባለው ታላቅ መዝገበ እውቀት ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ክፍል አገኘ። ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ኬሚስትሪን ለጀማሪዎች በውይይት መልክ ያብራራችበትንም መጽሐፍ አነበበ። በዚህ ላይ አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው፤ ይኸውም ያነበበውን ነገር በእጁ ሠርቶ ሳያረጋግጥ አለማመኑ ነው። ከሚያገኛት ጥቂት ሳንቲም እየቆጠበ፣ ጠርሙስና እንጨት እየገጣጠመ፣ በማሻሸት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ መሣሪያ ለራሱ ሠራ። የሪቦም ደግነት እዚህ ላይ ይታያል፤ ልጁ በሱቁ ውስጥ ሙከራውን እንዲያካሂድ ይፈቅድለት ነበርና።

በ1812 ዓ.ም. የሠራው ሥራ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የኤሌክትሪክ ባትሪን ለዓለም ካስተዋወቀ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነበር። ፋራዴይ የዚንክ ዝርግ ገዝቶ በግማሽ ፔኒ ሳንቲም ልክ ሰባት ክብ ቁራጮችን ቆረጠ። በእያንዳንዱ ዚንክ ላይ አንድ የመዳብ ሳንቲም አኖረ፤ በየጥንዱም መካከል በጨው ውኃ የተነከረ ወረቀት አደረገ። ይህ ድርድር ባትሪ ሆነለት። በዚህችም ባትሪ ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለውን በውኃ የሟሟ ጨው ወደ ክፍሎቹ ለመለየት ቻለ። ሥራውን ለጓደኛው በደብዳቤ ሲገልጽ፣ ሁሉን ያደረገው እርሱ ራሱ በገዛ እጁ መሆኑን ደጋግሞ በመጻፍ ደስታውን ገልጦአል። ሰባት ሳንቲም፣ ሰባት የዚንክ ቁራጭ፣ ወረቀትና ጨው፤ የአንድ ታላቅ ሊቅ የመጀመሪያ ባትሪ ይህ ነበር።

ወጣቱ ብቻውንም አልነበረም። በለንደን ጆን ቴተም የተባለ ሰው በቤቱ ማታ ማታ የሳይንስ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ መግቢያው አንድ ሽልንግ ነበር። ያንን ሽልንግ የከፈለለት እንደ አባቱ ቀጥቃጭ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው። የመዶሻ ላብ ለሳይንስ ትምህርት ተከፈለ ማለት ነው። ቀጥሎም ከሪቦ ደንበኞች አንዱ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ሰር ሃምፍሪ ዴቪ የሚሰጣቸውን ንግግሮች እንዲሰማ የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዴይ አራቱን ንግግሮች ተከታትሎ በጥንቃቄ ጻፈ፤ ሥዕሎችንም ጨመረ፤ በተማረው ሙያ በሚገባ ጠርዞም በ1812 ዓ.ም. መጨረሻ ለዴቪ ላከለት። በማርች 1813 የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ሲቀጠር ደመወዙ በሳምንት ሃያ አምስት ሽልንግ ነበር። መኖሪያው በሕንጻው አናት ላይ የሚገኙ ሁለት ክፍሎች ሲሆኑ፣ ማገዶና ሻማ ይሰጠው ነበር።

የውርደት ጉዞና የእውቀት መንገድ

በዚያው ዓመት ጥቅምት ገደማ ዴቪ ከባለቤቱ ጋር ወደ አውሮፓ አህጉር ረጅም ጉዞ ጀመረ። ፋራዴይም በሳይንስ ረዳትነት ተከተለው። ይሁን እንጂ የዴቪ የግል አሽከር በመጨረሻው ሰዓት አልሄድም ስላለ፣ የአሽከሩም ሥራ ለጊዜው በወጣቱ ላይ ተጫነ። ወይዘሮ ዴቪ እንደ ሎሌ ስለ ቈጠረችው ኑሮው መራራ ሆነበት፤ ሁሉን ጥሎ ወደ አገሩ ለመመለስ ያሰበባቸው ቀናትም ነበሩ። ሆኖም ታገሠ። በፓሪስ አምፔርን፣ በሚላኖ ሽማግሌውን ቮልታን ለማየት በቃ። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ነበሩ። በፊረንዜም ጋሊሌዎ በእጁ የሠራውን ቴሌስኮፕ ተመለከተ። በ1815 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሲመለስ ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ጠራዥ የአውሮፓን ሊቃውንት በአካል አውቆ ነበር።

በ1821 ዓ.ም. ሳራ ባርናርድ የተባለች ወጣት አገባ። ልጅ ባይወልዱም ትዳራቸው እስከ ሞት የጸና ነበር። ሁለቱም ሳንደማናውያን የሚባል አነስተኛ የፕሮቴስታንት ማኅበር አባላት ነበሩ። በዚሁ ዓመት በመስከረም ወር ፋራዴይ ሌላ ትንሽ መሣሪያ ሠራ። ዴንማርካዊው ኤርስቴድ ከአንድ ዓመት በፊት በሽቦ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት የኮምፓስን ቀስት እንደሚያዞር አሳይቶ ነበር። ፋራዴይ ደግሞ ባዜቃ በሞላበት ጽዋ መካከል ማግኔት አቆመ፤ ከላይ የተንጠለጠለ ሽቦም ጫፉ ባዜቃውን እንዲነካ አደረገ። የኤሌክትሪክ ፍሰቱን በለቀቀው ጊዜ ሽቦው በማግኔቱ ዙሪያ ሳያቋርጥ ይዞር ጀመር። ዛሬ ወፍጮ የሚያዞሩትና ውኃ የሚስቡት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሁሉ ቅድመ አያታቸው ይህ ነው። ባዜቃ መርዛማ መሆኑ ዛሬ በሚገባ ስለሚታወቅ ይህን ሙከራ በክፍል ውስጥ መድገም እንደማይገባ እግረ መንገዳችንን እናሳስባለን።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር የመምህርነት ጠባዩን ይገልጣል። ግኝቱን በጽሑፍ ብቻ አሳውቆ አልተወም፤ በኪስ ሊያዝ የሚችል ትንሽ ሞዴል እያሠራ በአውሮፓ ለሚገኙ ሊቃውንት ላከ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዓይን እንዲያምን ፈለገ። ይህም ሆኖ ከሐሜት አልዳነም። የሌላውን ሊቅ የዎላስተንን ሐሳብ ወስዶአል የሚል ወሬ ተነሣበት። በ1824 ዓ.ም. የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ሲመረጥም የገዛ ጌታው ዴቪ ተቃወመው። ፋራዴይ ግን ስለ ዴቪ ክፉ ሳይናገር በአክብሮት እንዳስታወሰው ኖረ።

በጥጥ ክር የተጠቀለለው ሽቦ

ኤሌክትሪክ ማግኔትን የሚያስገኝ ከሆነ ማግኔትስ ኤሌክትሪክን አያስገኝም ወይ? ይህ ጥያቄ ፋራዴይን ለዐሥር ዓመት ያህል አልተወውም። በየጊዜው ሞከረ፤ በየጊዜውም አልሆነለትም። በመጨረሻ ኦገስት 29 ቀን 1831 ዓ.ም. መልሱ ተገለጠለት።

መሣሪያው ምን እንደ ነበረ በዝርዝር መናገር ይገባናል። የለስላሳ ብረት ቀለበት አሠራ፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር ስድስት ኢንች ነበር። በቀለበቱ አንድ ወገን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ፤ በሌላውም ወገን እንዲሁ። በዚያ ዘመን ልባስ ያለው ሽቦ በገበያ ስለማይገኝ፣ ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ በክርና በተራ የጥጥ ጨርቅ እየለየ በእጁ ጠቀለለው። አንዱን ጥቅል ከባትሪ ጋር ባገናኘ ቅጽበት በሌላው ጥቅል አጠገብ ያለችው ቀስት ተወዛወዘች፤ ወዲያውም ጸጥ አለች። ባትሪውን ሲያላቅቅ እንደ ገና ተወዛወዘች። ኤሌክትሪክን የሚያስነሣው የማግኔቱ ኃይል መኖር ሳይሆን መለወጡ መሆኑን በዚህ ተረዳ። ኦክቶበር 17 ቀን ደግሞ በወረቀት በርሜል ላይ ሽቦ ጠቅልሎ፣ ዘንግ ማግኔት ወደ ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ፍሰት እንደሚፈጠር አረጋገጠ። ወሩ ሳያልቅም የመዳብ ሳሕን በታላቅ ማግኔት አፍ መካከል እያዞረ የማያቋርጥ ፍሰት አገኘ።

በአገራችን በቆቃ፣ በጊቤና በሌሎችም ወንዞች ላይ የሚሠሩ የኃይል ማመንጫዎች በዚሁ ሕግ ይሠራሉ። ውኃው ያዞራል፤ ማግኔቱና ሽቦው አንዱ በሌላው ፊት ይንቀሳቀሳሉ፤ ኤሌክትሪክም ይወለዳል። መብራት ባበራን ቁጥር የክሩንና የጨርቁን ጥቅል ልናስታውስ እንችላለን።

ፋራዴይ የሒሳብ ቋንቋ ስላልነበረው በዓይኑ ያየውን በሥዕል ያስብ ነበር። በወረቀት ላይ የብረት ብናኝ በትኖ ከሥሩ ማግኔት ሲያኖር፣ ብናኙ በሚያምር መስመር ይሰለፍ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በማግኔት ዙሪያ ያለው ቦታ ባዶ ሳይሆን በኃይል መስመሮች የተሞላ ነው አለ። ብዙዎች እንደ ሕፃን ሥዕል ቆጠሩት። ኋላ ግን ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የተባለ የሒሳብ ሊቅ እነዚያን መስመሮች ወደ ሒሳብ ቀመር ለወጣቸው፤ የራዲዮ ሞገድ እውቀትም ከዚያ መነጨ።

እዚህ ላይ የአንድ ወንድማችንን ስም ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። በአየርላንድ በሜይኑዝ ዘርአ ክህነት ያስተምር የነበረው ካህን ኒኮላስ ካላን የፋራዴይን ሥራ ተከትሎ በ1836 ዓ.ም. ከፍተኛ ኃይል የሚሰጥ የሽቦ ጥቅል ሠራ። ታላቁን የኤሌክትሮማግኔት ብረት የሠራለት የመንደሩ ቀጥቃጭ ነበር። ለባትሪም ውድ በሆነው ፕላቲነም ፈንታ ተራ የቀለጠ ብረት እንደሚያገለግል አሳየ። ድህነት ብልሃትን ሊወልድ እንደሚችል የዘርአ ክህነት መምህርም አስመስክሮአል።

ሕፃናትን ያልናቀ ሊቅ

ፋራዴይ በ1825 ዓ.ም. የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከሆነ በኋላ የሮያል ኢንስቲትዩሽንን በሮች ለሕዝብ ከፈተ። በየዓርብ ማታ ለአዋቂዎች የሚሰጥ ንግግር ተጀመረ፤ በልደት በዓል ሰሞን ደግሞ ለልጆችና ለወጣቶች የሚሰጥ ትምህርት ተቋቋመ። ከ1827 እስከ 1860 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የወጣቶቹን ትምህርት ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ የሰጠው ፋራዴይ ራሱ ነው። የተናገረውን ሁሉ በፊታቸው ያሳይ ነበር እንጂ በቃል ብቻ አያልፍም ነበር።

በ1827 ዓ.ም. ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ያሳተመው መጽሐፍም ጽንሰ ሐሳብን ሳይሆን የእጅን ሥራ የሚያስተምር ነው፤ እንዴት እንደሚመዘን፣ እንዴት እንደሚጣራ፣ የመስታወት ቱቦ በእሳት እንዴት እንደሚታጠፍ ይዘረዝራል። ትልልቅ መሣሪያ ለሌለው ሰው ትናንሽ የመስታወት ቱቦዎች ብዙ ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉም ያመለክታል። ሃይድሮጅን ጋዝ የሚይዝበት ከረጢት ባስፈለገው ጊዜ በ1824 ዓ.ም. ሁለት የጎማ ቅጠሎችን ከዳር ዳር አጣብቆ፣ ውስጣቸው እንዳይጣበቅ ዱቄት ነስንሶ አበጀው። ልጆቻችን የሚጫወቱበት የጎማ ፊኛ መነሻ ይህ ነው።

ከትምህርቶቹ ሁሉ ታዋቂ የሆነው በ1860 ዓ.ም. የልደት በዓል ሰሞን በስድስት ክፍል ያቀረበው የሻማ ትምህርት ነው። በእጁ የያዘው አንድ ሻማ ነበር። ሰሙ እንዴት እንደሚቀልጥ፣ የቀለጠው በክሩ እንዴት እንደሚወጣ፣ ወደ ጋዝነት ተለውጦ እንዴት እንደሚነድ ደረጃ በደረጃ አሳየ። ከነበልባሉ መካከል በታጠፈ የመስታወት ቱቦ ጋዙን አውጥቶ በቱቦው ጫፍ ሌላ ነበልባል ለኮሰ። ሻማ ሲነድ የሚወጣው አየርና ሰው የሚተነፍሰው አየር ሁለቱም የኖራን ውኃ እንደሚያነጡ፣ ያንንም አየር ዕፀዋት እንደሚመገቡት ገለጠ። በየእሑዱ በመሠዊያችን ላይ የምናበራት ሻማ ይህን ሁሉ ትምህርት በውስጧ ይዛለች፤ እኛ ግን ስንቶቻችን ነን ልብ ብለን ያየናት?

በ1862 ዓ.ም. መንግሥት ታላላቅ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶችን ሁኔታ እንዲመረምር ያቋቋመው ኮሚሽን ፋራዴይን አስጠርቶ አነጋገረው። የሰባ አንድ ዓመቱ ሽማግሌ ስለ ተፈጥሮ የሚደረግ ትምህርት ከልጆች መከልከሉን በግልጽ ነቀፈ። በላቲንና በግሪክ ቋንቋ የተራቀቁ ሰዎች ስለ ተፈጥሮ ሕግ ግን አለማወቃቸውን እንኳ እንደማያውቁ አስረዳ። ትምህርት ቤት ያልጠገበው ሰው ስለ ሌሎች ልጆች ትምህርት ተከራከረ።

ጠረጴዛውን ማን አንቀሳቀሰው?

ለምእመናን ልዩ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ1853 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር መናፍስትን የመጥራት ፈሊጥ ተነሥቶ ነበር። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እጃቸውን ሲያኖሩበት ጠረጴዛው ይንቀሳቀስ ነበርና፣ የመንፈስ ሥራ ነው እያሉ ብዙዎች ተደነቁ። ፋራዴይ አልተሳደበም፤ አላፌዘምም። ካርቶኖችን አነባብሮ በመካከላቸው ለስላሳ ማጣበቂያ አደረገና በጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ሰዎቹም እጃቸውን በላይኛው ካርቶን ላይ አሳረፉ። ጠረጴዛው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሲመረመር ከሁሉ ይልቅ የተንሸራተተው ላይኛው ካርቶን ሆነ። ስለዚህ መንፈስ ጠረጴዛውን፣ ጠረጴዛውም እጅን አልሳበም፤ ሰዎቹ ሳያውቁት እጃቸው ይገፋ ነበር። ከዚያም የእጃቸውን ግፊት የሚያሳይ አመልካች በፊታቸው ሲያቆም ጠረጴዛው መንቀሳቀሱን ተወ። ሰዎቹ ቅን ነበሩ፤ ነገር ግን በገዛ ራሳቸው ተታልለው ነበር። የሙከራ መሣሪያ ፈተና ለማለፍ ብቻ የሚያስፈልግ አለመሆኑን እዚህ ላይ እናያለን። ነገርን በእጁ መመርመር የለመደ ሕፃን አድጎ በአጭበርባሪ ጠንቋይ እጅ በቀላሉ አይወድቅም።

ትሕትናውና ፍጻሜው

ፋራዴይ ከፋብሪካዎች በሚመጣለት የምርመራ ሥራ ሊበለጽግ ይችል ነበር፤ ጊዜውን ግን ለምርምሩና ለማስተማር ሰጠ። በ1835 ዓ.ም. መንግሥት የጡረታ አበል ሊሰጠው ባሰበ ጊዜ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሜልበርን ስለ እንዲህ ያለው አበል በንቀት ስለ ተናገረ አልቀበልም አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ ብቻ በዓመት ሦስት መቶ ፓውንድ ተቀበለ። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሲለመንም እንቢ አለ። ለብዙ ዓመታት የባሕር መብራቶችን ጉዳይ እየመረመረ መርከበኞችን አገለገለ። በማኅበሩም ሽማግሌ ሆኖ ሕመምተኞችንና ድሆችን ይጎበኝ ነበር።

ከ1840 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የማስታወስ ችሎታው እየደከመ ሄደ። መድኃኒቱ ትጋት ነበር። የሠራውን ሙከራ ሁሉ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ በተራ ቁጥር እየመዘገበ የኖረ ሲሆን፣ የመጨረሻው ማስታወሻ ቁጥር 16,041 ነው። በ1858 ዓ.ም. በሃምፕተን ኮርት ቤት ተሰጠው፤ በዚያም ኦገስት 25 ቀን 1867 ዓ.ም. በመቀመጫው ላይ እንዳለ በሰላም ዐረፈ። ቀብሩ በሃይጌት መካነ መቃብር ያለ ሥነ ሥርዓት ድምቀት ተፈጸመ።

እኛስ ምን እናድርግ?

ውድ መምህራንና የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች፣ ይህን ታሪክ የጻፍነው መንግሥትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ለትምህርት ቤቶች መሣሪያ ከመስጠት ይቦዝኑ ለማለት አይደለም። ድሃ ልጆች በድህነታቸው ተደስተው ይቀመጡ ማለት ጭካኔ ነው። ፋራዴይም ቢሆን ያለ ሪቦ ደግነት፣ ያለ ወንድሙ ሽልንግ፣ ያለ መግቢያዋ ወረቀት ከጥራዝ ቤት ባልወጣ ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያ እስኪመጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅም ልጆችን መበደል ነው።

በአንድ የባትሪ ድንጋይ፣ በአንድ ሚስማርና ልባስ ባለው ጥቂት ሜትር ሽቦ ኤሌክትሮማግኔት ይሠራል፤ ሽቦው ስለሚግል ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ማገናኘት ይበቃል። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ይወጣል። ከብረት ሠራተኛው ደጅ የሚጣለው ብናኝ በወረቀት ላይ ሲበተን የፋራዴይን መስመሮች ያሳያል። ከተቃጠለ ሞተር የተገኘ ቀጭን ሽቦ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ተጠቅልሎ፣ ጫፎቹ በኮምፓስ ዙሪያ ከተጠመጠመ ሌላ ጥቅል ጋር ሲገናኙ፣ ልጆቹ የ1831ን ግኝት በዓይናቸው ሊያዩ ይችላሉ። ማግኔቱ በቀጥታ ቀስቷን እንዳይስብ ከኮምፓሱ ራቅ ብሎ ይንቀሳቀስ። የቤት መብራት መስመር ግን ገዳይ ስለ ሆነ ፈጽሞ ለሙከራ አይነካ።

በእያንዳንዱ ቁምስና ቀጥቃጭ፣ አናጢ፣ ራዲዮ ጠጋኝ አለ። እነዚህን ሰዎች ወደ ክፍል ጋብዘን በልጆች ፊት መምህር ብናደርጋቸው ሁለት ነገር እናተርፋለን፤ ልጆቹ ያያሉ፣ የተናቀውም እጅ ይከበራል። ስለ ተቆለፈው ሣጥን ደግሞ ወንጌል የነገረንን የመክሊት ምሳሌ እናስታውስ። ያ አገልጋይ የተሰጠውን አላጠፋም፤ አልሰረቀም፤ ቀብሮ በጥንቃቄ ጠበቀው። የተወቀሰውም በዚሁ ነው። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችና የወላጆች ኮሚቴዎች ሆይ፣ በልጅ እጅ ተሰብሮ ለሚቀር ዕቃ መምህሩን ከፋይ የሚያደርገውን ልማድ እንተው። በመማር ላይ ሳለ የተሰበረ የመስታወት ቱቦ አልጠፋም፤ ሥራውን ፈጽሞአል።

ወደዚያ ትምህርት ቤት በቅርቡ እንመለሳለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በዚያን ጊዜ ማግኔት ይዞ የሚያውቅ ማን እንደ ሆነ ስንጠይቅ ሁሉም እጃቸውን እንዲያነሡ እግዚአብሔር ይርዳን።